አዲስ የተከፈተ የሲቹዋን ምግብ ቤት ስትሄዱ፦ ከማዘዝ እስከ መብላት ዝርዝር መመሪያ

ሲቹዋን በሚያቃጥል ምግቡ የታወቀ የቻይና ክፍለ ሀገር ነው። አዲስ የሲቹዋን ምግብ ቤት በተከፈተ ቁጥር የሚሰማው ቅሬታ ያው ነው። «አፌ ደነዘዘ፣ ምን እንደበላሁም አላወቅኩ።» «ሳህኑ ሙሉ ደረቅ በርበሬ ነው፣ ዶሮው የታለ?» «ዓሣውን ዘይት ውስጥ አስጥመው አመጡልን።» «የጾም ነው ብዬ ያዘዝኩት ቶፉ ውስጥ የተፈጨ ስጋ አገኘሁ።»

አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው ገና ሲታዘዝ ነው። በበርበሬና በሚጥሚጣ ስላደግን «ቅመም አይከብደንም» እንልና ሜኑው ላይ ቀይ የሆነውን ሁሉ እናዛለን። የሲቹዋን ገበታ ግን እንደዚያ አልተሠራም። አንዱ ሳህን ሲያቃጥል ሌላው ያበርዳል፣ አንዱ ሲጎመዝዝ ሌላው ይጣፍጣል፣ ነጭ ሩዙ ሁሉንም ይሸከማል። ይህንን ሚዛን ጠብቃችሁ ካዘዛችሁ የቀረው ቀላል ነው። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው፤ በተለይ 2ኛውንና 3ኛውን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ

የሲቹዋን ቤት መሆኑን አረጋግጡ

ቻይና ሰፊ አገር ናት፤ የጓንግዶንግ ምግብ ለስላሳና ቅመም የማይበዛበት ነው፣ የሲቹዋን ግን ሌላ ነው። የሜኑውን ፎቶ ከማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው ፈልጉ፣ ወይም ደውላችሁ ጠይቁ። የሚከተሉት ካሉበት ትክክለኛው ቦታ ነው፦ ማፖ ዶፉ (ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ፣ በቀይ ቅመም ዘይት)፣ ሽዌይጁ ዩ (ዓሣ በሚያቃጥል መረቅ)፣ ላዚጂ (ዶሮ በደረቅ በርበሬ)፣ ፉቺ ፌይፒየን (ቀዝቃዛ የበሬ ስጋና ጨጓራ)። ቼንግዱ ወይም ቾንግቺንግ የሚል የአካባቢው ከተማ ስም በሩ ላይ ካለም ጥሩ ምልክት ነው። ሜኑው የተጠበሰ ሩዝ፣ ስፕሪንግ ሮልና ጣፋጭ ዶሮ ብቻ ከሆነ ይህ መመሪያ አይጠቅማችሁም።

ሰዓት ምረጡ

አዲስ ቤት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወጥ ቤቱም አስተናጋጁም ገና አልተቀናጁም። ቅዳሜ ምሽት አትሂዱ። በሥራ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ቀን 5፡30 ወይም ምሽት 11፡30 አካባቢ ሂዱ፤ አስተናጋጁ ቆሞ ሊያስረዳችሁ ጊዜ ይኖረዋል። ብዙ የቻይና ምግብ ቤቶች ከምሳ በኋላ ወጥ ቤት ስለሚዘጉ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ሰው ይዛችሁ ሂዱ

ለብቻ መሄድ ለሲቹዋን ምግብ አይሆንም። አንድ ሳህን ለብዙ ሰው ነው የሚሠራው፤ ብቻውን የሄደ ሰው አንድ ቀይ ሳህን ከፊቱ ተደቅኖ እስኪያልቅ ያንኑ ይበላል። አራት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛው ቁጥር ነው።

ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱ

ቁርስ ሳይበሉ፣ ቡና ብቻ ጠጥቶ በቀጥታ ወደ በርበሬ ዘይት መግባት ጨጓራን ያስቆጣል። ከአንድ ሰዓት በፊት ትንሽ ዳቦ ወይም እንጀራ ቅመሱ። የጨጓራ ቁስለት ወይም ኃይለኛ ቃር ያለበት ሰው ከቀዩ ሳህን ይራቅ፤ ደረጃ 3 ላይ የሚበላው ነገር አለለት።

ደረጃ 2፦ ከማዘዛችሁ በፊት ስለ አሳማ፣ ስለ ጾምና ስለ አለርጂ ተናገሩ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የአሳማ ስጋ

በቻይና ወጥ ቤት «ሮ» ማለት ስጋ ነው፤ ነገር ግን የምን ስጋ እንደሆነ ካልተገለጸ የአሳማ ነው። የበሬ ከሆነ «ኒዩሮ»፣ የዶሮ «ጂሮ»፣ የበግ «ያንግሮ» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ሜኑው ላይ «ስጋ በአትክልት» ብቻ የሚል ነገር ካያችሁ የምን ስጋ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትዘዙ። ሁይጉዎሮ የሚባለው ዝነኛ ሳህን ከአሳማ ነው የሚሠራው። ዩሺያንግ ሮሲም እንደዚሁ።

አሳማ የሚደበቅባቸው ቦታዎች ደግሞ አሉ፦
- ማፖ ዶፉ ላይ የሚነሰነሰው የተፈጨ ስጋ (በመሠረቱ የበሬ ነው፣ ብዙ ቤት ግን በአሳማ ይሠራዋል)
- ጋንቢየን ሲጂዶ የሚባለው ደረቅ ተደርጎ የተጠበሰ ፎሶሊያ
- ዩሺያንግ ቺዬዚ፣ ማለትም ደበርጃን። ስሙ የዓሣ መዓዛ ቢልም ዓሣ የለበትም፤ የተፈጨ አሳማ ግን ብዙ ጊዜ ይኖረዋል
- ዳንዳን ሚየን የሚባለው ኑድል
- አትክልት የሚጠበስበት የአሳማ ስብ

ለአስተናጋጁ በግልጽ ንገሩ፦ «ቡ ያዎ ጁሮ» (የአሳማ ስጋ አልፈልግም)፣ «ቡ ያዎ ጁዮ» (የአሳማ ስብ አልፈልግም)። ቻይንኛ በድምፅ ቅላጼ ትርጉሙ ስለሚለዋወጥ በአፍ ብቻ አትተማመኑ። ከቤት ሳትወጡ በስልካችሁ መተርጎሚያ ወደ ቻይንኛ ቀይራችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት፤ ጥያቄያችሁ ከወጥ ቤት ድረስ እንዲሄድ አስተናጋጁ የትእዛዙ ወረቀት ላይ እንዲጽፈው ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ አሳማ የሚሠራ ቤት መጥበሻው አንድ ነው። በሁለት ትእዛዝ መካከል በውሃ ይለቀለቃል እንጂ አይለወጥም። ይህ ለእምነታችሁ የማይሆን ከሆነ «ያለ አሳማ አድርጉልኝ» ማለት አይበቃም፤ ጭራሽ አሳማ የማይገባበት ቤት ፈልጉ። ሙስሊም አንባቢዎች በቻይንኛ «ቺንግጀን» የሚል የሐላል ምልክት ያለበትን ይፈልጉ፤ ለስጋ ማለስለሻ የሚጨመር «ሊያዎጂዩ» የሚባል የወጥ ቤት ወይን ጠጅ እንዳለም ይወቁ። ስጋው ከየት እንደሚመጣና ማን እንዳረደው መጠየቅም ነውር የለውም፤ ጠይቁ።

የጾም ቀን ከሆነ

የሲቹዋን ወጥ ቤት ለጾመኛ ሀብታም ነው፤ ቶፉ፣ ደበርጃን፣ ድንች፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ኪያር ሁሉም አለ። የቅመሙ መሠረት የሆነው ዶባንጂያንግ ራሱ ከባቄላና ከበርበሬ ተብላልቶ የሚሠራ ነው። ችግሩ «ስጋ የለውም» ሲሏችሁ ስለ ሥጋው ቁራጭ ብቻ እያወሩ መሆኑ ነው። «ሱ» የሚባለው የአትክልት ምግብ እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፤ ጾም ምን እንደሆነ አብዛኛው ሼፍ አያውቅም። አንድ በአንድ ጥሩለት፦
- የተፈጨ ስጋ፦ «ቡ ያዎ ሮሞ»
- የዶሮ ዱቄት ማጣፈጫ፣ ጎመን ላይ ሳይቀር የሚነሰነስ፦ «ቡ ያዎ ጂጂንግ»
- የኦይስተር ሶስ፣ ከባሕር ዛጎል እንስሳ የሚሠራ፦ «ቡ ያዎ ሃዎዮ»
- የስጋ ወይም የዶሮ መረቅ፦ ማፖ ዶፉ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ መረቅ ነው፤ በውሃ እንዲሠሩት ጠይቁ
- እንቁላል፦ የተጠበሰ ሩዝና አንዳንድ ኑድል ውስጥ አለ፤ ነጭ ሩዝ ውሰዱ

ለጾም ቀን አስተማማኙ ትእዛዝ ይህ ነው፦ ሱዋንላ ቱዶሲ (በቀጭኑ የተከተፈ ድንች በአቼቶና በደረቅ በርበሬ)፣ ፓይ ሁዋንጓ (የተቀጠቀጠ ኪያር በነጭ ሽንኩርት)፣ ያለ ስጋ ማፖ ዶፉ በውሃ፣ ያለ ስጋ ደበርጃን፣ ነጭ ሩዝ። ድንቹን በተለይ እመክራለሁ። በደንብ ሲሠራ ድንቹ ሳይፈርስ ከጥርስ በታች ይንኮሻኮሻል፤ ቀቅለው ያለሰለሱት ከሆነ ሼፉ ቸኩሏል ማለት ነው።

አለርጂ

ኦቾሎኒና ሰሊጥ በየሳህኑ አሉ። ጎንግባዎ ጂዲንግ (ዶሮ በኦቾሎኒ) ኦቾሎኒ ከሌለው ጎንግባዎ አይደለም። አኩሪ አተር ሶስ ደግሞ ስንዴ አለበት፤ ዶባንጂያንግም ብዙ ጊዜ አለበት። የኦቾሎኒ አለርጂ ጠንከር ያለበት ሰው አዲስና የቋንቋ ችግር ያለበት ቤት ሄዶ ዕድሉን ባይሞክር ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ትእዛዙን እንደ አንድ ማዕድ አዋቅሩ

እያንዳንዱ ሰው የየራሱን አይዘዝ። አንድ ሰው ለሁሉም ይዘዝ፣ ሁሉም ከመሃል ይብላ፣ ሩዙ ብቻ የየራስ ይሁን። እኛ ከአንድ ትሪ መብላት ለምደናልና ይህ ክፍል አይከብደንም።

ለአራት ሰው እንዲህ እዘዙ፦

1. አንድ ቀዝቃዛ ሳህን፦ የተቀጠቀጠ ኪያር። ምላስ ሰንበር የምትወዱ ከሆነ ግን በኪያሩ ፈንታ ፉቺ ፌይፒየን እዘዙ፤ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ስጋ፣ ጨጓራና ምላስ በበርበሬ ዘይት የተለወሰ ነው፣ ቀዝቅዞ ይመጣል።
2. አንድ የሚያደነዝዝና የሚያቃጥል ሳህን፦ ማፖ ዶፉ ወይም ሽዌይጁ ዩ። አንዱን ብቻ።
3. አንድ ጣፋጭና ጎምዛዛ፦ ጎንግባዎ ጂዲንግ ወይም ዩሺያንግ ደበርጃን። በርበሬ ቢኖራቸውም ስኳርና አቼቶው ይመራል፤ ቅመም የማይችል ሰው የሚበላው ይህንን ነው።
4. አንድ በርበሬ የሌለው አትክልት፦ ጥቅል ጎመን ወይም ሌላ ቅጠል በነጭ ሽንኩርት። «ያለ ደረቅ በርበሬ» በሉ፤ ካላላችሁ ጨምረው ያመጡታል።
5. አንድ ለስላሳ ሾርባ፦ የቲማቲምና እንቁላል ሾርባ በየቤቱ አለ።
6. ነጭ ሩዝ (ሚፋን) ለእያንዳንዱ ሰው።

ለሁለት ሰው ከሆነ ኪያር፣ ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው አንድ ሳህን፣ አንድ አትክልትና ሩዝ ይበቃል። ለስድስት ሰው ላዚጂን ጨምሩ።

ሩዙን አስቀድማችሁ አስመጡ። ቻይናውያን ግብዣ ላይ ሩዝ መጨረሻ ላይ ማምጣት ልማዳቸው ነው፤ ዝም ካላችሁ ቀዩን ሁሉ በባዶው ጨርሳችሁ ሩዙ ያኔ ይደርሳል። «ሩዙ ከመጀመሪያው ሳህን ጋር ይምጣ» በሉ። የተጠበሰ ሩዝም አትዘዙ፤ ዘይት ላይ ዘይት ይሆንባችኋል፣ መረቁንም አይመጥም።

ሳህኖቹ በተራ አይመጡም፤ የደረሰው ይመጣል። ማፖ ዶፉው ቀድሞ ከደረሰ ሌላው እስኪመጣ ጠብቁ፤ ቶፉ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ ገበታ ላይ ሁለት «ሽዌይጁ» አትዘዙ። «ሽዌይጁ» ማለት በውሃ የተቀቀለ ማለት ስለሆነ ቀለል ያለ መስሏቸው የሚያዙት ብዙ ናቸው። ከላይ የጋለ ዘይት በደረቅ በርበሬ ላይ የሚፈስበት፣ ከሁሉም የከበደው ሳህን ነው።

ደረጃ 4፦ የቅመሙን መጠን ለዩት

ሁለት ነገር አለ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ንገሩ። «ላ» የበርበሬው ማቃጠል ነው። «ማ» ሁዋጂያዎ የሚባለው ቅመም የሚያመጣው መደንዘዝ ነው። የመጀመሪያውን እንችላለን፤ ሁለተኛው ለእኛ ምላስ አዲስ ነው፣ ሰውን የሚያስደነግጠውም እሱ ነው።

የመጠኑ አጠራር ይህ ነው፦ «ቡላ» ምንም፣ «ዌይላ» ትንሽ፣ «ጆንግላ» መካከለኛ፣ «ቴላ» በጣም። ሚጥሚጣ የለመደ ሰው «ጆንግላ» ይበል፣ መደንዘዙን ግን «ዌይማ» ብሎ ትንሽ ያድርግ። ልጆች ካሉ ወይም ጨጓራ የሚያመው ሰው ካለ አንድ ሳህን ሙሉ በሙሉ «ቡላ» ይሁን።

አስተናጋጁ «ለኢትዮጵያውያን አስተካክለን እንሠራለን» ካለ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሁዋጂያዎውን አውጥተው ስኳር ይጨምራሉ፤ ያን ጊዜ የምትበሉት የሲቹዋን ምግብ መሆኑ ይቀራል። እኔ የምመክረው ማፖ ዶፉውን በራሳቸው አሠራር፣ መጠኑን ብቻ ቀንሰው እንዲያመጡት ነው። ማፖ ዶፉ ያለ ሁዋጂያዎ ባዶ ነው።

ደረጃ 5፦ ከመጉረሳችሁ በፊት ሁዋጂያዎን እወቁት

አስተናጋጁን ትንሽ ደረቅ ሁዋጂያዎ በትንሽ ሳህን እንዲያመጣ ጠይቁ፤ በደስታ ያመጣሉ። መልኩን እዩት። ቀይ ቡናማ ነው፣ መጠኑ የምስር ፍሬ ያህል፣ ፍሬው ወጥቶለት አፉን የከፈተ ቅርፊት። ውጩ ሸካራ፣ ውስጡ ነጣ ያለና ለስላሳ ነው። አንዳንዱ ላይ ቀጭን ግንድ ተጣብቃ ትቀራለች። አረንጓዴም አለ፤ ዓሣ ላይ ይበዛል። ከቁንዶ በርበሬ ጋር ዝምድና የለውም፣ የሎሚና የብርቱካን ቤተሰብ ነው።

አሁን አንዲት ቅርፊት ብቻ በፊት ጥርሳችሁ ሁለት ሦስቴ ነክሳችሁ ምላስ ጫፍ ላይ ያዙና ትፏት። መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ ሽታ ይመጣል። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ምላስ ይነዝራል፣ ምራቅ ይሞላል፣ ከንፈር ይርገበገባል። ውሃ ብትጎነጩ ውሃው ራሱ ብረት ብረት ይላል። ይህንን የሚያደርገው ሳንሹል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ የመንካት ስሜት የሚያስተላልፉ ነርቮችን ይቀሰቅሳል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ስሜቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ገደማ ከሚንቀጠቀጥ ነገር ጋር እንደሚመሳሰል ለክተዋል። ስለዚህ አትደንግጡ፤ መርዝም በሽታም አይደለም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል።

ቅርፊቷ ምንም ካልነዘረች፣ መራራ ብቻ ከሆነች፣ ቅመሙ አርጅቷል። ከዚህ ቤት ማፖ ዶፉ ብዙ አትጠብቁ፤ ጎንግባዎውንና ደበርጃኑን አስቀድሙ።

ይህን ሙከራ ሳያደርግ የሚበላ ሰው ነው መሃል ላይ አምስት ስድስት ቅርፊት አንድ ላይ አላምጦ ገበታውን የሚተወው።

ደረጃ 6፦ እያንዳንዱን ሳህን በየአበላሉ ብሉ

ከቀዝቃዛው ጀምሩ፣ ከዚያ ጣፋጭና ጎምዛዛውን፣ ከዚያ ቀዩን። በቀዩ የጀመረ ሰው የሌላውን ጣዕም አይለይም።

ማፖ ዶፉ

በማንኪያ ነው የሚበላው፤ በቾፕስቲክ አትታገሉ። ከጎን በኩል ገብታችሁ ቶፉውን ሳትሰብሩ አንሱና ሩዝ ላይ አድርጉት። ከላይ የተነሰነሰው ቡናማ ዱቄት የተፈጨ ሁዋጂያዎ ነው፤ ከበዛባችሁ በማንኪያ ጫፍ ወደ ዳር ግፉት። ቶፉው ውስጡ እሳት ነው፤ መጀመሪያ ግማሹን ቅመሱ።

ሽዌይጁ ዩ

በዚህ ሳህን ብዙ ሰው አፉን ያቃጥላል፣ በበርበሬ ሳይሆን በሙቀት። ከላይ ያለው ዘይት እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ሳህኑ ጭስ ባይወጣውም ውስጡ ይፈላል። እንዲህ አድርጉ፦

1. አስተናጋጁ ከላይ የተንሳፈፈውን በርበሬና ሁዋጂያዎ በወንፊት ማንኪያ እንዲያወጣው ጠይቁ። ጥሩ ቤት ራሱ ያወጣዋል።
2. አንድ የዓሣ ቁራጭ አንሱ፣ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ያዙና ዘይቱ እስኪንጠባጠብ ጠብቁ።
3. ሩዝ ላይ አሳርፉት፣ የተጣበቀ ቅርፊት ካለ አንሱለት።
4. እሾህ ፈልጉ። ቻይና ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ዓሣ ደቃቅ እሾህ ይበዛዋል። ሲያዙ «እሾህ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልጅ ካለ እሾህ የሌለውን ብቻ እዘዙ።
5. ከሥር ያለውን ባቄላ ቡቃያና ጎመን አትርሱት፤ ጣዕሙን የጠጣው እሱ ነው።

መረቁን አትጠጡ። ሾርባ አይደለም። ቻይናውያንም አይጠጡትም።

ላዚጂ

ሳህኑ ላይ የምታዩት የደረቅ በርበሬ ክምር አይበላም። በርበሬው ዘይቱን አሽትቶ ሥራውን ጨርሷል። ዶሮው በትንንሹ ተቆርጦ፣ ጥብስ ብሎ ከሥር ተቀብሯል፤ በቾፕስቲክ ወይም በሹካ እየፈለጋችሁ አውጡት። ብዙ ጊዜ ከነአጥንቱ ስለሚቆረጥ ቀስ ብላችሁ ንከሱ። «በርበሬ ሸጡልን» ብላችሁ አትመልሱት፤ አሠራሩ ነው። ዶሮው ግን ለስልሶ ዘይት ካቆረ በጥንቃቄ አልተጠበሰም፣ ያን ጊዜ ቅሬታ ማቅረብ ትችላላችሁ።

ጎንግባዎ ጂዲንግ

ደረቁን በርበሬ ወደ ዳር፣ ዶሮውንና ኦቾሎኒውን አንድ ላይ ጉረሱ። ቶሎ ብሉት፤ ሲቆይ ኦቾሎኒው ይለሰልሳል።

ቾፕስቲክ ካልያዝላችሁ ሹካና ማንኪያ ጠይቁ። በእጅ ጠቅልሎ መብላት ግን እዚህ አይሆንም፤ በርበሬው ዘይት ጣት ላይ ይቀርና ዓይን ያነካካል። ዘይቱ እጃችሁን ከነካ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም፣ እጃችሁን በሳሙና ደጋግማችሁ ታጠቡ።

ችግር ሲፈጠር

አፍ ሲቃጠል። ውሃ አትጠጡ፤ ቃጠሎውን የሚያመጣው ካፕሳይሲን ዘይት ውስጥ እንጂ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ውሃ በአፍ ያዳርሰዋል። አምቦ ውሃና ለስላሳም ብዙ አይረዱም። ወተት ወይም እርጎ ካለ አፍ ውስጥ ያዝ አድርጋችሁ ዋጡ፤ የወተት ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ይወስደዋል። በጾም ቀን ሁለት ማንኪያ ነጭ ሩዝ ሳታላምጡ አፍ ውስጥ አቆዩ፣ ወይም ስኳር ላሱ።

አፍ ሲደነዝዝ። ወተት አይረዳም። መብላት አቁሙና ጠብቁ። ሩዝና ኪያር ቅመሱ።

ትን ሲል። ደረቅ ቅርፊት ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ነው። መብላት አቁማችሁ ሳሉ፤ ምግብ በላዩ አትጨምሩ።

ከንፈር ሲያብጥ፣ ሰውነት ሲያሳክክ፣ ትንፋሽ ሲያጥር። ይህ መደንዘዝ አይደለም፣ አለርጂ ነው። ምግቡን ትታችሁ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

የተሳሳተ ሳህን ሲመጣ። ሳትነኩት ፎቶውን ሜኑው ላይ አሳዩና መልሱት። ስጋ የሌለበት ብላችሁ ስጋ ከመጣ «ስጋውን አውጡልኝ» አትበሉ፤ ለቅመው ያንኑ ያመጡታል። እንደገና እንዲሠራ ጠይቁ።

ሁሉም ቀይ ሆኖ ከመጣ። ሌላ ሩዝና የቲማቲም ሾርባ ጨምሩ። የጥብሱን ቁራጭ ሾርባው ውስጥ ነክሮ ዘይቱን ማጠብም ይቻላል፤ ለልጆች እንደዚያ አድርጉ።

ደረጃ 7፦ ሂሳብና የተረፈ ምግብ

አዲስ አበባ ከሆናችሁ የሜኑው ዋጋ 15 በመቶ ቫትን ያካተተ መሆኑን፣ የአገልግሎት ክፍያ መኖር አለመኖሩንም ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ዓሣ በኪሎ የሚሸጥ ከሆነ ሲመዘን እዩት።

የተረፈውን አስጠቅልሉ። ሽዌይጁ ዩን ከዘይቱ አውጥታችሁ ዓሣውንና አትክልቱን ብቻ ውሰዱ። ላዚጂ ማይክሮዌቭ ውስጥ ይለሰልሳል፤ ያለ ዘይት በጋለ መጥበሻ አሙቁት። ማፖ ዶፉ በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል። ሩዙን ቤት እንደደረሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ የበሰለ ሩዝ ውጪ ካደረ በማሞቅ የማይጠፋ የምግብ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄዱ ሁዎጉዎ

ሁዎጉዎ ጠረጴዛ ላይ የሚፈላ ድስት ነው፤ በመጀመሪያ ጉብኝት አትዘዙት። ሲታዘዝ ደግሞ «ዩዋንያንግ» የሚባለውን፣ ለሁለት የተከፈለውን ድስት ጠይቁ፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ነጭ መረቅ ነው። ቀዩ በተለምዶ በበሬ ስብ ስለሚሠራ ለጾም አይሆንም። በአትክልት ዘይት የሚሠሩም አሉ፤ ጠይቁ።

ጥሬ ስጋ የምታስገቡበትና የምትበሉበት ቾፕስቲክ ይለያይ። በስሱ የተቆረጠ ጨጓራ 15 ሴኮንድ ይበቃዋል፤ ከቆየ ላስቲክ ይሆናል። ዶሮ ግን ውስጡ ነጭ እስኪሆን አይውጣ። ቅጠላ ቅጠል በነጩ መረቅ ብቻ ቀቅሉ፤ ቀዩ ውስጥ ከገባ ዘይቱን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ማጥቀሻ ስትመርጡ የሰሊጥ ዘይትና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ውሰዱ፤ ከድስት የወጣውን ቁራጭ ያበርደዋል፣ ቃጠሎውንም ያለዝበዋል። መረቁ ጎድሎ ሲወፍር ውሃ ወይም ነጭ መረቅ እንዲጨምሩላችሁ ጠይቁ፤ ያለዚያ ጨውና በርበሬው እየጠነከረ መጨረሻ ላይ የገባውን ሁሉ ያበላሸዋል።